ሚስማሩ ላይ የቀረው ቀለበት

ተቀበሉት! ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንዴ በራሴ መነጽር፣ አንዴ በጋሽ ደረሰ መነጽር። ምንም ጥርጥር የለውም፣ ተቀብለውታል። መልሱ የመጣው ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የቆሰበር ጉም ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ እኔ የቀርከሃ ወንበር እግር ስሞርድ፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴን የስሜነሽን ጩኸት ሰማሁ። ኤሌክትሪክ የያዛት መስሎኝ ሞረዴን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ኤሌክትሪክ በሞረድ የሚባረር ይመስል!

ኤሌክትሪክ አልነበረም። ስሜነሽ ወንበሯ ላይ ወጥታ ትዘላለች። ወንበሩን የሠራሁት እኔ ስለሆንሁ ይሰበራል ብዬ አልሰጋሁም።

"ጋሼ አድማሴ፣ ገባ! ገባ እኮ!"

"ምኑ ነው የገባው?"

"ሦስቱ መስመር!"

ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። በሦስት መስመር ሰው እንዲህ ይዘላል ወይ የሚል ካለ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጫለሁና ከሥሩ ልንገረው።

ስሜነሽ የደንግላ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ እትዬ ወርቅአየሁ ደንግላ ገበያ ዳር ክርና ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። "የሰው ልጅ ዕቃ ይሰብራል፤ የኔዋ ሬዲዮ ፈታ ትገጥማለች። ሁልጊዜ ግን አንድ ብሎን ይተርፋታል" ይላሉ ስለ ልጅነቷ ሲያወሩ። ሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተማረች። ከዚያ እዚህ እንጅባራ፣ ቆሰበር መጥታ፣ ከኛ የቀርከሃ ሥራ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ተከራይታ ስልክና ሬዲዮ መጠገን ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግድግዳው ራሱ ቀርከሃ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኛ "ይማርሽ" እንላለን።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ካገኘች ወዲህ ደግሞ ሌላ አመል አመጣች፤ ኮድ ማንበብ። ኮድ እኔ እንደገባኝ አንድ ዕቃ ምን ምን እንዲያደርግ በተራ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች አንድ ትልቅ ኮድ በጋራ ይጽፋሉ አሉ። የፈለገ ገብቶ ያነበዋል። ስሕተት ያገኘ እርማት ይልካል፤ ጠባቂዎቹ መርምረው ወይ ይቀበሉታል ወይ ይመልሱታል። ደቦ በሉት፤ ጠላ የሌለበት ደቦ።

እናቷ ይህ ነገር አይጥማቸውም። ባለፈው መስከረም መጥተው ከፊቴ እንዲህ አሏት፦ "ጎረቤት ለወጉ ያመሰግናል። አንቺን ጨርሶ የማያውቅሽ ሰው ሥራሽን አይቶ 'ልክ ነሽ' ይበልሽ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ክር ቤቱ አላነሣብሽም። እስከ ጥምቀት እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ግን ይህን ክፍል ዘግተሽ ደንግላ ትገቢያለሽ። እኔ እንደሁ ጉልበቴ አልቋል።"

ስሜነሽም ቃል ገባች። ክር መሸጥ ነውር ሆኖ አይደለም። ግን እሷን ክር ስትቆርጥ አስቧት! ደንበኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ መቀሱን ወርውራ ስልኩን ትፈታለች።

ለዚህ ሁሉ ተስፋዋ ሳጥኖቹ ነበሩ። ጥርባ አካባቢ ያሉ ድንች አምራቾች ማኅበር አላቸው። አምና በታኅሣሥ ውርጭ የዘር ድንቻቸው መጋዘን ውስጥ እንዳለ ተበላሸባቸው። ስሜነሽ ይህን ሰምታ ለስድስቱ መጋዘኖቻቸው መዳፍ የሚያህሉ ስድስት ሳጥኖች ሠራችላቸው። ሳጥኑ በየሩብ ሰዓቱ ይነቃል፣ የመጋዘኑን ሙቀት ይለካል፣ መልሶ ይተኛል። መጋዘኑ ከልክ በላይ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ አቶ ደጉ ስልክ መልእክት ይልካል። ዋናው ነገር እንቅልፉ ነው፤ የሚተኛ ከሆነ ባትሪው ወር ይቆያል፣ የማይተኛ ከሆነ ሦስት ቀን።

እሷ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ወር ሙሉ ሠራ። ጥርባ ሲሰቀል በሦስተኛው ቀን ዝም አለ።

አቶ ደጉ አንዱን ሳጥን በጋቢያቸው ጠቅልለው መጡ።

"ስሜነሽ፣ ልጅሽ ሞተች።"

"የትኛዋ?"

"አራተኛዋ። ሁለተኛዋ ትናንት አርፋለች። ተዝካራቸውን ባንድ ላይ እናውጣው ወይስ ለየብቻ?"

እኛ ከግድግዳው ማዶ ሣቅን። እሳቸው ግን ሣቁን ጨርሰው ተቀመጡ። "ስሚኝ ልጄ። ድሮ በየማለዳው አንድ ሰው መጋዘን ገብቶ ድንቹን በእጁ ይዳስስ ነበር። አሁን ሳጥኑን አምነን ማንም አይገባም። አባላቱ 'ደጉ ሳጥን ሰቅሎ ዘራችንን ሊያስበላን ነው' እያሉኝ ነው። እስከ ገብርኤል ካልተስተካከለ ስድስቱንም አውርደሽ ትወስጃለሽ።"

ገብርኤል ሊደርስ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ያን ሰሞን ያልተመራመረ የለም። አንዱ ባትሪው አስመስለው የሠሩት ነው አለ። አንዱ አይጥ ሽቦ በልቶ ነው አለ። የጁስ ቤቷ ሀይማኖት "የሰው ዐይን ነው፣ ጸበል እርጪበት" አለች፤ ኤሌክትሪክ ላይ! እኔ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ኔትወርክ ነው አልሁ፤ ምክንያቱም ያልገባኝን ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው ነው የምለው። ስሜነሽ ባትሪ ቀየረች፣ ሽቦ ቀየረች። እንደገና በሦስተኛው ቀን ዝም። በመጨረሻ ሳጥኑ የሚሠራበትን ያን የደቦ ኮድ ከላይ እስከ ታች ታነብ ጀመር፤ ሙቀት መለኪያውን የሚያዝዘውን ክፍል።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ "ጋሼ አድማሴ፣ እዚህ ውስጥ የናንተ ሚስማር አለ" አለችኝ። እንዴት እንደኮራሁ!

የኛን ሚስማር ልንገራችሁ። ቀርከሃ ቤቱ ውስጥ ስድስት ነን፤ ጄኔሬተራችን አንድ ነው። ድሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ጠብ ነበር። አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሞተሩን ጥርቅም ሲያደርግ የሌላው መሰርሰሪያ ቀርከሃ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል። ታላቃችን ጋሽ ደረሰ ስድስት የቀርከሃ ቀለበቶች ቆርጠው በቅርጫት አኖሩና በሩ ላይ ሚስማር መቱ። "ሞተር የሚፈልግ ቀለበት ይስቀል። ከዚያ ሞተሩን ያስነሣ፣ ይሥራ። ሲጨርስ አንድ ቀለበት ያውርድ። የመጨረሻዋን ያወረደ ሞተሩን ያጥፋ። ቀለበት ተሰቅሎ እያለ ሞተር ያጠፋ ለሁላችንም ሻይ ይጋብዛል።" ስም እንጻፍባቸው ስንላቸው "የማን እንደሆነ ምን ያደርግላችኋል? ስንት እንደሆነ ነው ቁም ነገሩ" አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ በሰላም ኖርን።

ኮዱም እንደዚያው ነው አለችኝ። መለኪያውን የሚፈልግ ሁሉ ቁጥር ላይ አንድ ይጨምራል፤ ሲጨርስ አንድ ይቀንሳል። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መለኪያው ይተኛል።

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"ምንም። የጨመረው ሁሉ ይቀንሳል። ሃያ ጊዜ አየሁት፣ ሃያ ጊዜ ልክ ነው።" ዐይኗ ቀልቷል። ክር ቤቱ ትዝ ብሏት መራራ ሣቅ ሣቀች፤ "እናቴ መቀስ ገዝታልኛለች መሰለኝ" ብላ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ጠዋት መብራት የለም፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ማልጄ ገባሁ፣ ቀለበቴን ሰቀልሁ፣ የሞተሩን ገመድ ሳብሁ። ሳል ብሎ ዝም። ሰባት ጊዜ ሳብሁ። ስድቤን ጠግቦ ዝም አለ። እጄ ደነዘዘብኝና ልሞቅ ሻይ ቤት ሄድሁ። እዚያ አንድ ደንበኛ አግኝቶኝ ቤቱን ልለካለት ይዞኝ ሄደ፤ በዚያው ቀረሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ጋሽ ደረሰ መጡ። ቀለበታቸውን ሰቀሉ፤ ሞተሩ በአንድ ገመድ ተነሣላቸው። ሠርተው ጨርሰው ቀለበት ሲያወርዱ ሚስማሩ ላይ አንዲት ቀለበት ቀርታለች። አንድ ሰው ይሠራ ይሆናል ብለው ሞተሩን እንዳለ ትተው ምሳ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ መብራት መጥቷል፤ ቀርከሃ ቤቱ ግን በጭስ ታፍኖ፣ ቤንዚኑ እስከ ጠብታው አልቆ፣ ሁሉም ሚስማሩ ሥር ቆሟል። ጋሽ ደረሰ ንግግሩን በአገውኛ አድርገውታል፤ እሳቸው ወደ አገውኛ ከገቡ ነገሩ የምር ነው።

"ይህች ቀለበት የማን ናት?"

መካድ እችል ነበር፤ ስም የለባትም። ግን የገብርኤል ሰሞን ነው፣ ፈራሁ።

"የኔ ናት።"

"ያንተ? አንተ ዛሬ መች ሠራህ?"

"አልሠራሁም።"

"ካልሠራህ ለምን ሰቀልሃት?"

"ልሠራ ብዬ ነዋ!"

"ታዲያ ስትሄድ ለምን አላወረድሃትም?"

"ምን ብዬ ላውርዳት ጋሽ ደረሰ? ሞተሩ አልነሣ አለኝ እኮ! ያልበላሁበትን ሳህን ልጠብ?"

ቤቱ በሣቅ አለቀ። ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ የቆመችው ስሜነሽ ግን አልሣቀችም። አፏን ከፍታ ታየኛለች።

"ጋሼ አድማሴ፣ እስቲ ይድገሙት።"

"ምኑን?"

"የሳህኑን።"

"ያልበላሁበትን ሳህን ልጠብ ወይ ነው ያልሁት። ምን ነውር አለው?"

ዞራ ሮጠች። ጋሽ ደረሰ "ልጅቷንም አስቀየምሃት፤ ቤንዚኑ አነሰህ?" አሉኝ። እኔም ይቅርታ ልል ተከተልኋት። ጣቷ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ተተክሏል።

"ይኸው! እዚህ ጋ! መጀመሪያ ቀለበት ይሰቅላል። ቀጥሎ መለኪያውን ይቀሰቅሳል። መለኪያው ከነቃ ሥራውን ሠርቶ ቀለበቱን ያወርዳል፤ ይህን ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ካልነቃስ? 'አልነቃም' ብሎ ይወጣል። ቀለበቱን እዚያው ትቶ! እንደርስዎ!"

"ማነው የጻፈው?"

"እኔ እንጃ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ነው።"

"አስተዋይ ሰው መሆን አለበት።"

አልሰማችኝም። "አንድ ጊዜ ሳይነቃ ከቀረ በቃ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ ቢሰቀልና ቢወርድ አንዷ ሚስማሩ ላይ ናት። ቁጥሩ ዜሮ አይመጣም፤ መለኪያው አይተኛም፤ ባትሪው በሦስት ቀን ያልቃል።" ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። "ግን እኔ ክፍል ውስጥ ለምን ወር ቆየ? ጋሼ፣ የናንተ ሞተር ጠዋት ለምን አልነሣም አለ?"

"ከብርዱ ነዋ።"

አየችኝ። እግሯ ሥር ያለውን የከሰል ማንደጃ አየች። እኔም አየሁት። ለካ ክፍሏ ሞቃት ነው! የጥርባ መጋዘን ግን ሊነጋጋ ሲል እንደ በረዶ ነው።

ብርድ ከየት ይምጣ? ከሀይማኖት ፍሪጅ። ስሜነሽ ሳጥኑን አቮካዶው መካከል አስቀምጣ፣ ሽቦውን በበሩ ስንጥቅ አውጥታ፣ ኮምፒውተሯን የጁስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"አቮካዶዬን አይመርዘውም?" አለች ሀይማኖት።

"አይነካውም። እንዲያውም እሱ ራሱ ብርድ ይፈራል።"

"ብርድ ከፈራ ታዲያ ፍሪጄ ውስጥ ምን ይሠራል? ጉድ እኮ ናችሁ!"

ተቀምጠን ቁጥሩን እናያለን። ዜሮ። ይነቃል፣ አንድ ይላል፣ ይተኛል፣ ዜሮ። ሀይማኖት ለሌላ ደንበኛ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር ስሜነሽ "ዝጊው! ዝጊው!" ትላታለች። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ከዚያም በላይ። አንዴ ሊነቃ ሞከረ፣ አቃተው። ቁጥሩ አንድ ላይ ቀረ። ጠበቅን፤ አንድ። ሌላ ሩብ ሰዓት፤ አንድ። ስሜነሽ አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብሁ፤ ምኑም ያልገባት ሀይማኖትም አጨበጨበች። ሃምሳ ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ቁጥር እንዲህ ሲጨበጨብለት አይቼ አላውቅም።

እርማቱን ያን ቀኑን ጻፈችው፤ ካልነቃም ቀለበቱን አውርደህ ውጣ የሚል ነው። በማግስቱ ሳጥኑ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ጊዜ አልነቃም አለ፤ ሦስት ጊዜም ቁጥሩ ዜሮ ገባ። ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ስድስቱም ጥርባ ተሰቀሉ። ሦስተኛው ቀን አለፈ። አምስተኛው አለፈ። ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ሊነጋ ሲል የአቶ ደጉ ስልክ ጮኸ፤ "ሦስተኛው መጋዘን ቀዘቀዘ" ይላል። ከነቤተሰባቸው ገለባና ጆንያ ተሸክመው ሮጡና ድንቹን አለበሱት፤ አንድም አልተነካ። በገብርኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጭ እንደለበሱ መጥተው "ስድስቱም ይተነፍሳሉ። ተዝካሩ ቀርቷል" አሏት። ሳጥኖቹ በዚያው ጸኑ።

ስሜነሽ ለእናቷ ይህን ስትነግር የተሰጣትን መልስ ግን ልንገራችሁ፦ "ደጉ ከአባትሽ ጋር አንድ ማኅበር የጠጣ ሰው ነው። እሱን አልቆጥረውም። የማያውቅሽ ሰው ነው ያልሁሽ።" ብለው ስልካቸውን ጥርቅም። እትዬ ወርቅአየሁ ስልካቸውን የሚያበሩት ራሳቸው መደወል ሲያሻቸው ብቻ ነው። "ካላወራሁበት ባትሪው ለምን ይለቅ?" ይላሉ። ከሳጥኑ ይልቅ እሳቸው መተኛት ያውቁበታል።

የማያውቃት ሰው ደግሞ ሩቅ ነበር። እርማቷን ወደዚያ ወደ ትልቁ ደቦ ልካለች፤ መልስ የለም። ገና አለፈ። በማግስቱ መልሱ መጣ፤ መልሰውታል! ጠባቂው ሁለት ነገር ጽፎላታል። አንደኛ፣ መለኪያው ካልነቃ ቀለበቱን ራሱ የሚያወርድ የተሻለ ትእዛዝ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ ይላል። ሁለተኛ፣ ከታች ያለውንም መውጫ እይው ይላል፤ መለኪያው ነቅቶ ልኬቱ ሲበላሽ የሚወጣበትን። እዚያም ቀለበት ቀርቷል። ጭንቅላቷን ያዘች። "እናቴ ልክ ናት። አሁንም አንድ ብሎን ተረፈኝ።"

"የት የተረፈ ብሎን ነው?" አልኋት። "የት እንደሚገባ አሳየሽ እኮ! እኔ ወንበርሽን ስሠራ ጋሽ ደረሰ አራት ጊዜ መልሰውብኛል። ይኸው ትቀመጭበታለሽ።"

ሁለት ቀን ኮዱን ሁሉ አሠሠች፤ መውጫ መውጫውን፣ በር በሩን። እንደገና ጻፈችው፤ ሦስት መስመር ሆነ። ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘችውም ጠይቋት ስለነበር፣ ጎረቤቴ የቀርከሃ ቀለበት ሚስማር ላይ ትቶ ሄዶ ነው ብላ ጻፈች። እኔን ማለቷ ነው! ላከችው። ጥምቀት አንድ ሳምንት፣ ስድስት ቀን፣ አምስት ቀን ቀረው። እሷ የተጠገኑትን ስልኮች ለባለቤቶቻቸው እየጠራች ትመልስ ጀመር። አዲስ አልቀበልም አለች። ግድግዳው ቀርከሃ ነው ብያችኋለሁ፤ ካርቶን ስታሽግ እንሰማታለን። ጋሽ ደረሰ እንኳ ሞተሩን አላስነሡም።

ዛሬ ጠዋት ነው የጮኸችው።

መልሱ አጭር ናት። "አሁን ልክ ነው። ተቀብዬዋለሁ። ለጎረቤትሽም ምስጋናዬን አድርሺልኝ።" ይኸው ነው። የስሜነሽ ስም እርማቱ ላይ ተጽፏል። እሷን በዐይኑ እንኳ አይቶ የማያውቅ፣ ማኅበር አብሮ ያልጠጣ ሰው "ልክ ነው" አላት! ጋሽ ደረሰ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ ያልገባቸውን ነገር ሁሉ እንደሚያደርጉት ነካ ነካ አድርገው "ይህ ሰው መልካም ሰው ነው" አሉ። ለኛም ሕጉን በዚያው አሻሻሉ፦ "ሞተሩ እንቢ ያለው ሰው መጀመሪያ ቀለበቱን ያውርድ፤ ከዚያ ይሳደብ።"

ስሜነሽ ወዲያው ለእናቷ ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው።" መቼስ ምን ይጠበቃል! እሷ ራሷ አዲሱን ኮድ ስድስቱም ሳጥን ላይ ልትጭን በአቶ ደጉ ሞተር ሳይክል ጥርባ ሄዳለች። እትዬ ወርቅአየሁ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ገበያ ወጥተው ለልጃቸው የክር መደርደሪያ ሊያዝዙ ነው፤ ትናንት ደውለው ነግረዋታል። ወሬውን ይዤ መደርደሪያው ሳይታዘዝ መድረስ አለብኝ። ባይሆን የኔን ወንበር ይዘዙ።

ወንበሬን ሳልጨርስ ነው የወጣሁ። ሞረዴ ለካ አሁንም እጄ ላይ ናት፤ ትሂድ፣ ደንግላን ትይ። ሚኒባሱ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል፤ ረዳቱ "ደንግላ አንድ ሰው! አባባ፣ እየጻፉ ነው ወይስ እየሄዱ?" ይለኛል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። መጣሁ፣ መጣሁ! ስወጣ ሚስማሩን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ቀለበቴን አውርጃለሁ።